ጌም ሊኑክስ ላይ ለምን ይንቀራፈፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊኑክስ ላይ ጌም መጫወት ድሮ ራስን መቅጣት ነበር። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳው ዋይን በ1993 ቢጀመርም (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ለብዙ ዓመታት አንድ ጌም ለማስከፈት ሙሉ ቅዳሜ ይፈጅ ነበር። በ2018 ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ በዋይን ላይ የተሠራውን ፕሮቶንን የጌም መደብሩ በሆነው ስቲም ውስጥ አካተተና ነገሩ ተገለበጠ። አሁን "ይከፍታል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው "ይከፍታል፣ ግን ይጎተታል" የሚል ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የትዕዛዝና የፕሮግራም ስሞችን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ጌሙ ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ምኑን ልቀይር?

ለጊዜው ምንም አትቀይሩ። መጀመሪያ ለኩ።

ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሃያ "ማፍጠኛ" በአንድ ምሽት ይጭንና በማግስቱ ጌሙ ሲብስበት የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። እኔም አድርጌዋለሁ። መጨረሻው ሲስተሙን እንደገና መጫን ሆነ።

ለመለካት ማንጎሀድ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ጌሙ ላይ ተደርቦ ጥግ ላይ ቁጥሮች ያሳያል፦ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚወጡ ፍሬሞች ማለትም ምስሎች ብዛት)፣ የግራፊክስ ካርዱ ምን ያህል እንደተጠመደ፣ የፕሮሰሰሩ ሁኔታ፣ ሙቀት። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ስቲም ውስጥ የጌሙን ስም በቀኝ ክሊክ ተጫኑና ፕሮፐርቲስ ግቡ። ሎንች ኦፕሽንስ የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ ማንጎሀድ ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍተት ስጡ፣ ከዚያ በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ኮማንድ የሚለውን ቃል አስገቡ። ምልክቶቹን ከረሳችሁ ስቲም የጻፋችሁትን ለጌሙ እንደ ተጨማሪ ትዕዛዝ ይሰጠዋል እንጂ ማንጎሀድን አያስነሳም። ቁጥሮቹ ሲያስጠሏችሁ የቀኙን ሺፍትና ኤፍ12 አብራችሁ ብትጫኑ ይጠፋሉ።

ከዚያ ጌሙ ውስጥ አንድ የተጨናነቀ ቦታ ምረጡ። ሰው የሚበዛበት አደባባይ ጥሩ ነው። እዚያ ሴቭ አድርጉ። ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ፣ ወደዚያው አቅጣጫ እያያችሁ ለኩ። ሰማይ እያያችሁ የለካችሁት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ሰማይ ለካርዱ እረፍት ነው።

ቁጥሮቹን እንዴት ነው የማነባቸው?

የካርዱ አጠቃቀም 97 ወይም 99 በመቶ ከሆነ ካርዱ ያለውን ሁሉ እየሰጣችሁ ነው። ማነቆው እሱ ነው። እንግዲህ ሬዞሉሽን (የምስሉ ነጥቦች ብዛት)፣ ጥላና ነጸብራቅ ነው የሚቀነሰው።

ካርዱ 50 በመቶ ላይ ተቀምጦ ጌሙ የሚጎተት ከሆነ ግን ካርዱ ሥራ ፈቶ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። "ፕሮሰሰሬ እኮ 20 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው" ይላል። ያ የሁሉም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) አማካይ ነው። ስምንት ኮር ካላችሁና ጌሙ ዋናውን ሥራ አንዱ ላይ ከጫነው፣ ያ አንዱ 100 በመቶ ላይ ታንቆ ሰባቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። ማንጎሀድ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል።

የማይሳሳት ፈተና የምለው ይሄን ነው፦ ሬዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርዱ። ካርዱ የሚስለው ነጥብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ከነበረው ወደ 920 ሺህ ገደማ ይወርዳል፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ኤፍፒኤሱ ከዘለለ ማነቆው ካርዱ ነበር። ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ግራፊክሱን ዝቅ ማድረግ ምስሉን ከማበላሸት በቀር ምንም አያደርግላችሁም። ይልቅ የሕዝቡን ብዛት፣ የእይታ ርቀትን፣ የፊዚክስ ስሌትን ቀንሱ። እነዚህ የፕሮሰሰር ሸክሞች ናቸው።

ቁጥሩ ልክ 60 ወይም ልክ 30 ላይ ተቸንክሮ አልነሳ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። የሆነ ቦታ ገደብ ተደርጓል። ቪሲንክን (ኤፍፒኤሱን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ሴቲንግ) ተመልከቱ።

ኤፍፒኤሱ ጥሩ ነው፣ ግን ጌሙ ስታክ እያደረገ ይሄዳል። ምንድን ነው?

ኤፍፒኤስ አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 54 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊሰከንድ ወጡ እንበል። 810 ሚሊሰከንድ ሄደ። አንድ ፍሬም ብቻ የቀረውን 190 ሚሊሰከንድ በላ። ቆጣሪው 55 ኤፍፒኤስ ብሎ ይጽፋል። ዓይናችሁ ግን ያቺን 190 ሚሊሰከንድ በደንብ አይቷታል፤ ጌሙ ቀጥ ብሎ የቆመባት ቅጽበት ናት። ስለዚህ ማንጎሀድ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ ከሥሩ ያለችውን የፍሬም ታይም መስመር ተመልከቱ። ለጥ ያለች መስመር ጤና ናት። እሾህ እሾህ ካበቀለች ችግር አለ።

የእሾሁ የተለመደ ምክንያት ሼደር ነው። ሼደሮች ብርሃኑ፣ ውሃው፣ ጭሱ እንዴት እንደሚሳል ለካርዱ የሚነግሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ካርዱ በሚገባው ቋንቋ መቀየር አለባቸው። ሊኑክስ ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፦ ጌሙ የተጻፈው ለዊንዶውሱ የግራፊክስ ቋንቋ ለዳይሬክት ኤክስ ስለሆነ ፕሮቶን ውስጥ ያሉ ሁለት አስተርጓሚዎች ሊኑክስ ወደሚገባው ወደ ቨልካን ይመልሱታል። ዲኤክስቪኬ የቆዩትን የዳይሬክት ኤክስ ስሪቶች እስከ 11 ድረስ ይተረጉማል። ቪኬዲ3ዲ ፕሮቶን ደግሞ 12ኛውን ይይዛል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። አዲስ በር ስትከፍቱ፣ አዲስ ጠላት ብቅ ሲል፣ የመጀመሪያውን ፈንጂ ስትወረውሩ ጌሙ ቀጥ ይላል። ሁለተኛውን ስትወረውሩ ምንም የለም። ያ ሼደር ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው ትዕግሥት ነው። ስቲም ጌሙን ሊከፍት ሲል "ሼደር እያዘጋጀሁ ነው" ካለ ዝለለው አትበሉት፤ ይጨርስ። ድራይቨራችሁን (ሲስተሙ ካርዱን የሚያናግርበትን ፕሮግራም) አዲስ አድርጉ፤ ምክንያቱም በኅዳር 2022 የወጣው ዲኤክስቪኬ 2.0 ሼደሮችን ጌሙ ሲጫን ቀድሞ የማዘጋጀት ዘዴ ይጠቀማል፤ ዘዴው ግን ድራይቨሩ ከደገፈው ብቻ ነው የሚሠራው። የሼደር ካሹን (ተዘጋጅተው የተቀመጡትን ሼደሮች) "ላጽዳ" ብላችሁ አታጥፉ። ካጠፋችሁት ያው ድንቅፍቅፍ ከዜሮ ይጀምራል። ድራይቨር አፕዴት ባደረጋችሁ ማግስት ጌሙ ትንሽ ቢደናቀፍም አትደንግጡ፤ ካሹን እንደገና እየሠራ ነው።

መደናቀፉ ሰዓት ቢያልፍም ካልቀነሰ ሚሞሪን ጠርጥሩ። የካርዱ ሚሞሪ ሲሞላ ዕቃው ወደ ዋናው ራም ይገፋል፤ መንገዱ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ቴክስቸር የሚባለውን ሴቲንግ አንድ ደረጃ ብቻ አውርዱ። ቴክስቸር ቦታ እስካለው ድረስ ኤፍፒኤስ አይበላም ማለት ይቻላል። ቦታ ሲያጣ ግን ይዞ ይወድቃል።

ላፕቶፔ ጥሩ ካርድ አለው፣ ጌሙ ግን እንደ ቢሮ ኮምፒውተር ነው የሚሄደው። ለምን?

ካርዱ ተኝቶ ይሆናል።

ይሄ እኔ ላይ ደርሷል። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ነበረኝ፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተጣበቀው ደካማው፣ ሌላው ገንዘቤን ያወጣሁበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ 25 ኤፍፒኤስ እየተጫወትኩ ሊኑክስን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን ማንጎሀድ ላይ የካርዱን ስም የሚያሳየውን አማራጭ አበራሁት። የደካማው ስም ተጽፏል። ፋኑ ጭራሽ ድምፅ አለማሰማቱ ቀድሞ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር!

በፕሮቶን የሚሄዱ ብዙ ጌሞች ጠንካራውን ካርድ ራሳቸው ይመርጣሉ። ችግሩ የሚበዛው ከቨልካን በቆየው የግራፊክስ ቋንቋ፣ በኦፕንጂኤል፣ በሚሄዱት ላይ ነው፤ የእኔም እንደዚያ ነበር። ኤንቪዲያ ካላችሁ በብዙ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ፕራይም ራን የሚባል አጭር ትዕዛዝ አለ። ሎንች ኦፕሽንስ ውስጥ ማንጎሀድን እንዳስገባችሁት ከፊት ታስገቡታላችሁ። ሁለቱም ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ከሆኑ ድሪ ፕራይም የሚባለውን ተለዋዋጭ እዚያው 1 ማድረግ ይበቃል። ኖም ዴስክቶፕ ላይ አይኮኑን በቀኝ ክሊክ ስትጫኑ "በጠንካራው ካርድ ክፈት" የሚል ምርጫ ይመጣል።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች፣ ሳቁብኝ ግን ጀርባውን እዩት። የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ነው ወይስ ካርዱ ላይ የተሰካው?

ሌላ የባሰም አለ። ተርሚናል ላይ ቨልካን ኢንፎ የሚለውን ትዕዛዝ ከሰመሪ አማራጭ ጋር አስኪዱ። ከሚዘረዘሩት መካከል የካርዳችሁ ስም ከሌለና ኤልኤልቪኤም ፓይፕ የሚል ብቻ ካለ፣ ጌሙን እየሳለ ያለው ካርዱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው። ድራይቨሩ አልተጫነም ወይም ተበላሽቷል። በዚህ ሁኔታ ሌላ ምንም ማስተካከያ አይረዳችሁም።

የትኛውን ድራይቨር ልጫን?

ኤኤምዲና ኢንቴል ካላችሁ ሜሳ ከሚባለው ክፍት የድራይቨር ስብስብ ውጪ አትፈልጉ። ሜሳ ከዲስትሮው ጋር ነው የሚመጣው፤ ከካርድ አምራቹ ገጽ የሚወርድ ነገር አያስፈልጋችሁም። የምትጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስነቱን። አዲስ የወጣ ካርድ በሁለት ዓመት የቆየ ሜሳ ላይ ማስኬድ መኪናን በእጅ ፍሬን መንዳት ነው።

ኤንቪዲያ ላይ ነገሩ ይለያል። ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የሚመጣው ኑቮ የሚባለው ክፍት ድራይቨር ለዴስክቶፕ ይበቃል፤ ለጌም ግን ከጂቲኤክስ 900 እስከ 10 ተከታታይ ባሉት ካርዶች ላይ ተስፋ የለውም። የካርዱን ፍጥነት ከፍ ለማድረግ በኤንቪዲያ የተፈረመ ፈርምዌር (የካርዱ የውስጥ ፕሮግራም) ስለሚያስፈልግ ካርዱ በዝቅተኛው ፍጥነት እንደተቆለፈ ይቀራል። የኩባንያውን ድራይቨር ጫኑ። ከድረ ገጹ በሚወርደው ፋይል ሳይሆን ከዲስትሮው ማከማቻ ይሁን፤ ከርነል አፕዴት ሲሆን አብሮ እንዲታደስ። በእጅ የጫናችሁት ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ጥቁር ስክሪን ያሳያችኋል።

ደግሞ የድራይቨሩን የ32 ቢት ላይብረሪዎች (ጌሞች የሚጠሯቸውን ረዳት ፋይሎች) አትርሱ። የቆዩ ጌሞች ብዙዎቹ 32 ቢት ናቸው። የ64ቱ ብቻ ካለ ወይ አይከፍቱም ወይ በፕሮሰሰር ይሳላሉ።

አሮጌ ኤኤምዲ ላላችሁ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። አብዛኞቹ የኤችዲ 7000 እና የአር9 200 ተከታታይ ካርዶች የቆየ ከርነል ባላቸው ሲስተሞች ላይ ሬዲዮን በሚባለው በቀድሞው የከርነል ድራይቨር ነው የሚነሱት። በእሱ ላይ ቨልካን የለም። በከርነሉ የማስነሻ አማራጮች ወደ ኤኤምዲጂፒዩ ስታዞሯቸው ቨልካን ያገኛሉ፤ ፕሮቶንም በወጉ ይሠራል። አሥር ዓመት ያለፈው ካርድ እንዲህ ሲነቃ ሳይ ደስ ይለኛል።

የትኛው የፕሮቶን ስሪት ይሻላል?

ስቲም በራሱ በሚመርጠው ጀምሩ። አዲስ ጌም ከሆነና ችግር ካለው ፕሮቶን ኤክስፐርመንታልን ሞክሩ። ቪዲዮዎቹ የማይታዩ ከሆነ ወይም ሌላ ልዩ ችግር ካለ ጂኢ ፕሮቶን የሚባለውን፣ በማኅበረሰቡ የሚዘጋጀውን ጫኑ። "ጂኢ ሁልጊዜ ፈጣን ነው" የሚለው ወሬ ግን ወሬ ነው። ብዙ ጌም ላይ ልዩነቱን በመለኪያ እንኳ አታገኙትም።

ሌላ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የሊኑክስ ስሪት ያለው ጌም ሁልጊዜ በሊኑክስ ስሪቱ አይሻልም። አንዳንድ አዘጋጆች የሊኑክሱን ስሪት አንዴ አውጥተው ይረሱታል። የዊንዶውሱን በፕሮቶን ስታስኬዱት በልጦ ይገኛል። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኮምፓቲቢሊቲ ላይ ገብታችሁ ፕሮቶንን አስገድዱትና ሁለቱንም ለኩ። ሴቫችሁን ግን ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ።

ካርዳችሁ ቨልካን 1.3 የማይችል አሮጌ ከሆነ ፕሮቶን 8 እና ከዚያ በላይ ያሉት አይመቹትም። ፕሮቶን 7 ላይ ቆዩ። እሱም ካልሆነ ዋይንዲ3ዲ የሚባለውን የቆየ አስተርጓሚ የሚያበራ አማራጭ አለ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይከፍታል።

ጌምሞድ እውነት ይጠቅማል?

እንደ ኮምፒውተሩ ነው። ፌራል ኢንተራክቲቭ በ2018 ያወጣው ጌምሞድ ተአምር አይሠራም። ጌሙ ሲከፈት ፕሮሰሰሩን ከቁጠባ ወደ ሙሉ ጉልበት ያዞረዋል፣ የጌሙን ቅድሚያ ከፍ ያደርጋል፣ ስክሪን እንዳይጠፋ ይከላከላል። ጌሙ ሲዘጋ ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሳል። ላፕቶፕ ላይ፣ በተለይ ፕሮሰሰሩ ለመንቃት በሚያመነታበት፣ ልዩነቱ ይታያል። ዴስክቶፑ ቀድሞውኑ በሙሉ ጉልበት ለሚሠራ ሰው ግን ምንም ላይመስለው ይችላል።

እየሠራ መሆኑን ሳያረጋግጡ "አልጠቀመኝም" የሚሉ ብዙ ናቸው። ጌሙ ክፍት እያለ ተርሚናል ላይ ጌምሞድዲ ብላችሁ ሰረዝና ኤስ ጨምሩ። "አክቲቭ" ካለ በርቷል።

ላፕቶፕ ላይ ከጌምሞድም በፊት ግን የፓወር ሴቲንጉን እዩ። የባትሪ ቁጠባ ላይ ተቀምጦ፣ ቻርጀሩም ሳይሰካ ጌም የሚሞክር ሰው አለ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩ ይሄድና ከዚያ ይወድቃል። ለምን?

ሙቀት ነው። ማንጎሀድ ላይ ሙቀቱንና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተጫወቱ። ሙቀቱ 95 አካባቢ ደርሶ፣ የፕሮሰሰሩ ጊጋኸርዝ ከ4 ወደ 2 ሲንሸራተት ካያችሁ ራሱን ከመቃጠል እያዳነ ነው። አቧራውን አጽዱ፣ ላፕቶፑን ከአልጋ ላይ አንሱት፣ ኤፍፒኤሱንም ገድቡ። ሞኒተራችሁ 60 ብቻ የሚያሳይ ሆኖ ጌሙ 140 የሚያመርት ከሆነ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው።

ዲስትሮ ልቀይር? ከርነልስ?

ዲስትሮ መቀየር ደስ ይላል፤ ጌም አያፈጥንም ማለት ግን ይቀላል። በጌም ስም የሚወደሱት ባዛይት፣ ኖባራና ካቺኦኤስ ጥቅማቸው አዲስ ድራይቨርና ከርነል ይዘው፣ ተስተካክለው መምጣታቸው ነው። ያንኑ ሌላው ላይም ማግኘት ይቻላል። የምትጠቀሙት በጣም የቆየ ከርነልና ሜሳ ያለው ከሆነ ብቻ መቀየሩ ይታያችኋል።

ከርነል ላይ ብዙ የሚወራለት ኤንቲሲንክ ነው። የዊንዶውስ ጌሞች በርካታ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ሲያስኬዱ "አንተ ቆይ፣ አንተ እለፍ" የሚባባሉበትን መንገድ ከርነሉ ውስጥ የሚያስመስል ነገር ነው፤ በ2025 በወጣው ሊኑክስ 6.14 ሥራ ላይ ዋለ። ሲወጣ በየቦታው የተለጠፉት ግራፎች አፍ ያስከፍቱ ነበር። ግን ንጽጽሩ ከተራው ዋይን ጋር ነው። ፕሮቶን ቀድሞውኑ ኤፍሲንክ የሚባል ፈጣን ዘዴ ስለነበረው፣ የስቲም ተጫዋች የሚያየው ልዩነት ትንሽ ነው። ዋይኑ ወይም ፕሮቶኑም ሊደግፈው ይገባል።

ዌይላንድ ይሻላል ወይስ ኤክስ11?

ሁለቱም መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያወጡ ሥርዓቶች ናቸው፤ ኤክስ11 የቆየው፣ ዌይላንድ አዲሱ። ኤኤምዲና ኢንቴል ላይ ዌይላንድ። ኤንቪዲያ ላይም ከ555 ድራይቨር ጀምሮ፣ ያ በ2024 ነው፣ የድሮው የስክሪን ብልጭ ድርግም በአብዛኛው ተፈቷል። የተለያየ ሄርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) ያላቸው ሁለት ሞኒተሮች ያሉት ሰው ኤክስ11 ላይ ባይቆይ ይመረጣል።

ጌሞቼ ከዊንዶውስ ጋር የምጋራው ዲስክ ላይ ናቸው። ችግር አለው?

አለው። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ያለ ጌም አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ አይከፍትም። ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም ትንሽ የውሸት ዊንዶውስ ይሠራል፤ በውስጡ ሲ እና ሁለት ነጥብ (:) የሚል ስም ያለው ማገናኛ ይፈጥራል። ሁለት ነጥቡ ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ዲስኩን ሲመረምር "ተበላሽቷል" ብሎ ሊያስተካክለው ይነሳል። ለጌም ኤክስት4 ወይም ቢቲአርኤፍኤስ (የሊኑክስ የፋይል አቀማመጦች) የሆነ የዲስክ ክፍል ለዩ።

ካርዴ በጣም ደካማ ነው። ልተወው?

አትተዉት፤ እዚህ ጋ ነው ሊኑክስ የሚያዝናናው።

ከፕሮሰሰሩ ጋር የተጣበቀ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም። የኮምፒውተሩን ራም ነው የሚጋራው። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከምታስገቡ ሁለት ባለ 8 ብታስገቡ ዕቃው በሁለት መንገድ ይመላለሳል። ኤፍፒኤሱ ሲዘል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከየትኛውም የሶፍትዌር ብልሃት ይሄ ይበልጣል።

ከዚያ ጌምስኮፕ አለ። ጌሙን በራሱ ትንሽ መስኮት ውስጥ ይዘጋውና በዝቅተኛ ሬዞሉሽን አስልቶ፣ ኤፍኤስአር በሚባለው የምስል ማሳደጊያ ዘዴ አሳድጎ ስክሪኑን ይሞላዋል። ጌሙ ራሱ ኤፍኤስአርን ባያውቀውም ይሠራል። በ720 የተሳለ ጌም በ1080 ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ሲታይ እንደ አዲስ አይሆንም፤ ጽሑፉ ትንሽ ይደበዝዛል። ግን ከ22 ኤፍፒኤስ ጋር ከመታገል ይሻላል።

ሌላው 40 ላይ መገደብ ነው። 30 ኤፍፒኤስ ማለት በፍሬም 33.3 ሚሊሰከንድ፣ 60 ማለት 16.7 ነው። የሁለቱ መሐል 25 ነው፤ 25 ሚሊሰከንድ ደግሞ 40 ኤፍፒኤስ ነው። አሥር ፍሬም ብቻ ጨምራችሁ የግማሽ መንገዱን ልስላሴ ታገኛላችሁ። ስቲም ዴክ (የቫልቭ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር) ያላቸው ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል። አንድ ሁኔታ ግን አለው፦ ስክሪኑ 40፣ 80 ወይም 120 ሄርዝ ላይ መሥራት መቻል አለበት። 60 ሄርዝ ላይ 40 ፍሬም ዝብርቅርቅ ይላል።

አንድ ቪዲዮ ላይ የከርነሉን የደህንነት ጥበቃዎች አጥፋ፣ ይፈጥናል ይላል። ላጥፋ?

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! የፕሮሰሰር ክፍተቶችን የሚዘጉትን መከላከያዎች ማጥፋት በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ትንሽ ነገር ሊጨምር ይችላል። በአዲሶቹ ላይ ጌም ውስጥ ብዙም አይታይም። በዚያው ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍታችሁ የባንክ ሥራ ትሠራላችሁ። አይሆንም።

ከዚህ ዓይነቱ ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ስፕሊት ሎክ ነው። ሊኑክስ 5.19 ሚሞሪን በመጥፎ መንገድ የሚነካኩ ፕሮግራሞችን ሆን ብሎ እንዲያዘገይ ተደረገና አንዳንድ ጌሞች፣ ጎድ ኦቭ ዋር አንዱ ነው፣ ክፉኛ ተጎዱ። ከ6.2 ጀምሮ ማዘግየቱን ማጥፊያ አለ፤ አዲሱ ጌምሞድ ራሱ ያጠፋዋል። ሁለተኛው ማክስ ማፕ ካውንት የሚባለው፣ አንድ ፕሮግራም የሚይዛቸውን የሚሞሪ ክፍሎች ብዛት የሚገድበው ቁጥር ነው። የከርነሉ መነሻ 65530 ነው፤ ለአንዳንድ ትልልቅ ጌሞች አይበቃም፤ ድንገት ይዘጋሉ። ይሄኛው ፍጥነት ሳይሆን መውደቅ ነው የሚያስቆመው። ፌዶራ ከ39ኛው ስሪት ጀምሮ ራሱ ከፍ አድርጎታል፤ እናንተ ጋ 65530 ከሆነ አሳድጉት።

ኦንላይን ጌሜ ጭራሽ አያስገባኝም። ምን ላስተካክል?

ምንም። ይሄ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፤ የአንቲቺት (አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚከላከል ፕሮግራም) ጉዳይ ነው። ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ ከ2021 ጀምሮ ፕሮቶን ላይ መሥራት ይችላሉ፤ ግን የጌሙ ባለቤት መፍቀድ አለበት። አንዳንዱ ፈቅዷል፣ አንዳንዱ አልፈቀደም፣ አንዳንዱ ፈቅዶ ከልክሏል፤ ኤፔክስ ሌጀንድስ በ2024 መጨረሻ ላይ እንዳደረገው። ቫሎራንት የሚጠቀመው ቫንጋርድ ደግሞ ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ መግቢያ የለውም። ጌም ከመግዛታችሁ በፊት ተጫዋቾች ጌሙ እንዴት እንደሄደላቸው በሚጽፉበት ድረ ገጽ፣ ፕሮቶንዲቢ ላይ፣ ስሙን ፈልጉ፤ የእናንተን ዓይነት ካርድ ያለው ሰው ከቅርብ ወራት ወዲህ የጻፈውን ብቻ አንብቡ። የሦስት ዓመት አስተያየት ስለ ሌላ ሶፍትዌር የተጻፈ ያህል ነው።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ አልሆነም። ሰው ስጠይቅ ምን ልንገረው?

"ጌሜ ይጎተታል፣ እርዱኝ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ስቲም ውስጥ ሄልፕ ሜኑ ሥር ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚል አለ። ካርዱን፣ የድራይቨሩን ስሪት፣ ከርነሉን፣ ሁሉንም ያወጣዋል። እሱን ኮፒ አድርጉ። የፕሮቶኑን ስሪት፣ ሎንች ኦፕሽንስ ውስጥ የጻፋችሁትንና ማንጎሀድ የሚታይበትን አንድ ስክሪንሾት ጨምሩበት። ስክሪንሾቱ ያው ከአደባባዩ ይሁን፤ ከሰማዩ አይሁን።